ብርድ ፍለጋ እንጦጦ የወጣው አበባ

ይህ ታሪክ ሊጻፍ የሚገባው ስለመሆኑ እስካሁን እጠራጠራለሁ። የሞተ ሰው የለበትም፣ የታሰረ ሰውም የለበትም፤ ስለዚያ፣ ስለ ሰባዎቹ ዘመን ሲወራ ደግሞ የሞተና የታሰረ የሌለበት ወሬ ይዞ መቅረብ ትንሽ ያሳፍራል። ያለው አንድ የዘይት ቆርቆሮ፣ ውስጡ የተተከሉ ሽንኩርት የሚመስሉ ነገሮች፣ ልጃቸውን የሚጠብቁ አንዲት እናት እና ሁሉን ነገር ማወቅ የሚያምራት የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነው። ተማሪዋ እኔ ነበርኩ።

እንድጽፈው ያደረገኝ ጠረን ነው። ባለፈው ሳምንት ከመገናኛ ወደ የካ አባዶ፣ ወደ ቤቴ፣ በታክሲ ስሄድ አንዲት ወጣት አጠገቤ ተቀመጠች። ጭኗ ላይ በፌስታል የተሸፈነ ትንሽ የአበባ ማሰሮ ይዛለች። ኮተቤን ሳናልፍ ጠረኑ ታክሲውን ሞላው። ጣፋጭ ነው፤ ከጣፋጭነቱ ሥር ግን ዝናብ የመታው እርጥብ ቅጠል የሚመስል ነገር አለበት። ገና ሳላየው አወቅኩት።

“የኔ ልጅ፣ ይሄ ምንድነው?” አልኳት፣ እያወቅኩ።

“ሃያሲንት ይባላል እማማ። ከውጭ የመጣ ነው። ብርድ ካልነካው አያብብም ብለው ፍሪጅ ውስጥ አክርመውት ነው አሉኝ። አይገርምም?”

“ይገርማል” አልኳት። ከዚያ ካራ እስክንደርስ ዓይኔን ከፌስታሉ ላይ አላነሳሁም።

እኛ ያደግነው ከሾላ ገበያ ወደ ላይ፣ ወደ ተራራው በሚያወጣው መንገድ ዳር ነው። አባቴ ሾላ ውስጥ በርበሬና ቅመም ይነግድ ነበር። ማታ ኮቱን ሲሰቅል ቤቱ አብሽና ኮረሪማ ይሸታል፤ እንግዳ የመጣ እንደሆነ ደግሞ ያስነጥሰዋል። ግድግዳችንን ተጋርተው የሚኖሩት ጎረቤታችን እትዬ አስካለ ነበሩ። ባላቸው ቀደም ብለው ስለሞቱ፣ በእግር በምትረገጥ የስፌት መኪና የሰፈሩን ልብስ እየሰፉ አንድ ልጃቸውን መላኩን አሳደጉ። እናቴ ለዒድ ስትጠራቸው ለብቻ በተለየ ድስት ምስር ወጥ ትሠራላቸው ነበር፤ እሳቸውም ለገና እንዲሁ። ሥጋ አንበላላም እንጂ ሌላ ያልተካፈልነው ነገር አልነበረም። የስፌት መኪናቸው ድምፅ በግድግዳው በኩል ስለሚሰማኝ፣ እንቅልፍ የሚወስደኝም የሚቀሰቅሰኝም እሱ ነበር።

መላኩ የነፃ ትምህርት ዕድል አግኝቶ ቡልጋሪያ ሄደ። በ1974 ክረምት ለዕረፍት መጣና ጥቂት ሳምንት ተቀመጠ። ሌላው ከውጭ የመጣ ሰው ቴፕ ወይም ካፖርት ሲያመጣ፣ እሱ በማይነበብ ጋዜጣ የተጠቀለሉ ሦስት ቡናማ፣ ሽንኩርት መሳይ ራሶች ለእናቱ አመጣ። እዚያ “ዙምቡል” እንደሚባሉና የሰፈሩ ሁሉ መስኮት በጸደይ በነሱ እንደሚሸት ነገረን። የሄደ ቀን እናቴ ለመንገድ ያለችውን ዳቦ ይዤ በራቸው ላይ ቆሜ ስለነበር ያለውን በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ሻንጣውን አንስቶ “እማዬ፣ አታልቅሺ በቃ። ይሄ ሲያብብ እኔም እመጣለሁ” አላቸው።

እንግዲህ እትዬ አስካለ ያንን አበባ እንዴት እንደያዙት መናገር አለብኝ። አንድ ሰው በጣም የሚሳሳለትን፣ ገና ለጋ የሆነን ነገር እንዴት ይይዛል? እሳቸው የሚያውቁት አንድ አያያዝ ነው፤ አራስ እንደሚያዝ። ሦስቱን ራሶች በዘይት ቆርቆሮ ተከሉና ቆርቆሮውን ምድጃው አጠገብ አኖሩት። ዙሪያውን በአሮጌ ጋቢ ጠቀለሉት። ምች እንዳይመታው ቀትር ላይ ደጅ አይወጣም። ዳር ላይ የጤና አዳም ቅጠል ሰክተውበታል። ሰው ሲመጣ ደግሞ ዓይን እንዳይበላው ነጠላ ይጣልበታል። ውሃ የሚያጠጡት ለብ አድርገው ነው።

እናቴ “አስካለ፣ አጥሚትስ አላጠጣሽውም?” አለቻቸው አንድ ቀን።

“ቀልጂ አንቺ! ከሰው አገር የመጣ ነገር ነው። ብርድ ቢመታው ለማን አቤት እላለሁ?”

ቅጠሉ ወጣ፤ ረዘመ፤ ተልፈሰፈሰ። መሐሉ ላይ የባቄላ ፍሬ የሚያህል እምቡጥ አንገቱ ውስጥ እንደተቀረቀረ ቀረ። ሰውነቱን ሊያወጣ ፈልጎ በሩ የጠበበው ይመስል ነበር። ከዚያ ጠቆረ። አንዱ ራስ በሰበሰ። የሰፈሩ ልጆች “የመላኩ ሽንኩርት ወጥ ሳይሠራበት አለፈ” እያሉ ሳቁ። እትዬ አስካለ ቅጠሉ ሲደርቅ የቀሩትን ሁለቱን አውጥተው፣ በጨርቅ ቋጥረው ማድ ቤታቸው መደርደሪያ ላይ አስቀመጧቸው። በዚያ ሰሞን ከመላኩ በመጣው ደብዳቤ ትምህርቱ እንደተራዘመ ጽፎ ነበር።

በ1976 መስከረም እኔ ዩኒቨርሲቲ ገባሁ። ባዮሎጂ ደረሰኝ። ከፊት ወንበር የምትቀመጥ፣ ርእስ በማስመሪያ የምታሰምር፣ መምህር ሲስቅ አብራ የምትስቅ ዓይነት ተማሪ ነበርኩ። እትዬ አስካለ አንድ ማታ ከስኳር ሰልፍ ተመልሰው በራችን ላይ ቆሙ።

“ሐያት፣ ቅጠል ነው አሉ የምትማሪው።”

“ባዮሎጂ ነው እትዬ።”

“እሱስ። ቅጠል የለበትም?”

“አለበት።”

“እንግዲያ ያ ነገር ለምን እምቢ እንዳለኝ ጠይቂልኝ። አስተማሪሽ አያጣውም።”

በማግስቱ መምህራችንን ኮሪደር ላይ ጠበቅኳቸው። ነገሩን ሁሉ ከጋዜጣው ጀምሬ ነገርኳቸው። ምድጃው ጋ ስደርስ ፈገግ አሉ፤ ጋቢው ጋ ስደርስ ግድግዳውን ተደግፈው ሳቁ።

“ጋቢ ለብሶ?”

“አዎ። ጤና አዳምም አለው።”

“አየሽ፣ ያ ተክል በአገሩ በረዶ ሥር ነው የሚከርመው። ብዙ ሳምንት ብርድ ከጠጣ በኋላ ሲሞቀው፣ ‘አሃ፣ ብርዱ አልፏል’ ብሎ አበባውን ይገፋል። እናንተ ጋ ግን ብርዱም አልመጣ፣ አላለፈ። ምን ይወቅ?” ደብተራቸውን ብብታቸው ሥር ከተው ሊሄዱ ዞሩና፣ “ብርዱን ከየት እንደምታመጪለት ስታውቂ ንገሪኝ” አሉኝ።

በአንበሳ አውቶቡስ ቆሜ ስመለስ እሱን ብቻ ሳስብ ነበር። ብርድ ከየት ይመጣል? እስከዚያ ቀን ብርድ የሚሸሹት እንጂ የሚፈልጉት ነገር ሆኖ ታይቶኝ አያውቅም። የሰፈራችን መጠጥ ቤት ፍሪጅ ነበረው፤ ባለቤቱን ብጠይቀው “ቢራዬ ላይ አፈር ላበትን?” አለኝ። የእንስራ ሥር ቀዝቃዛ ነው፤ ቀትር ላይ ግን ለብ ይላል። ውሃ ልቀዳ ስወርድ፣ ልብስ ሳሰጣ፣ እጄን እዚህም እዚያም እያስቀመጥኩ የትኛው ይበልጥ ይቀዘቅዛል እያልኩ የቤታችንን ግድግዳ ሁሉ ዳበስኩ። እናቴ አሞኝ መስሏት ግንባሬን ነካች።

መልሱ በራችን ላይ ቆሞ ነበር። ጫልቱ የምትባል፣ ከእኔ ብዙም የማትበልጥ ሴት ከእንጦጦ ጀርባዋ ላይ የባሕር ዛፍ እንጨት ይዛ እየወረደች ትሸጥልን ነበር። የኅዳር መጀመሪያ ነው። ሸክሟን አውርዳ እጇን እያፍተለተለች “እኛ ጋ ዛሬ ሣሩ ነጭ ሆኖ ነው ያደረው። ውርጩ የድንቹን ቅጠል ጠበሰው” አለች። እየሮጥኩ እትዬ አስካለ ቤት ገባሁና የመምህሩን ቃል፣ የበረዶውን ነገር፣ የእንጦጦን ውርጭ በአንድ ትንፋሽ አወራሁላቸው።

ደስ ይላቸዋል ብዬ ነበር። እሳቸው ግን መኪናቸውን መርገጥ አላቋረጡም።

“ብርድ ላይ?” አሉ።

“አዎ።”

“ሌሊት? ደጅ?”

“ሁለት ወር ያህል።”

“አራስ ሜዳ ላይ ይጣላል?” አሉና ክሩን በጥርሳቸው በጠሱ።

ያልገባቸው መሰለኝ። በሌላ ቀን ሄጄ እንደገና አስረዳሁ፤ በወረቀት ላይ ሥዕል ሳይቀር ሠራሁ። ሰሙኝ፣ ሻይ ሰጡኝ፣ ወሬ ቀየሩ። ለሦስተኛ ጊዜ ስሄድ የስፌት መኪናዋን አቆሙና ወደ እኔ ዞሩ።

“አንቺ ልጅ፣ መጀመሪያ ስትነግሪኝም ገብቶኛል” አሉ። “ሰነፍ ተማሪ አድርገሽ አትይኝ።”

“ታዲያ እትዬ?”

“ቢያብብና እሱ ባይመጣስ?”

ወረቀቴን አጣጠፍኩት።

“ካላበበ፣ ‘ገና ነው’ እላለሁ። ሰው ሲጠይቀኝም፣ ለራሴም። ትምህርቱ ተራዘመ ሲል፣ የእገሌ ልጅ እዚያው ቀረ ሲሉኝ፣ ‘የኔው ገና ነው፣ አበባው አላበበም’ እላለሁ። ካበበ በኋላስ ምን እላለሁ ሐያት? እሱንም አስተማሪሽን ጠይቂልኝ እስቲ።”

ለሚጠየቅ ነገር ሁሉ መልስ ማቅረብ የሚወድ ሰው እንዲህ ሲጠየቅ ምን እንደሚሰማው ልነግራችሁ አልችልም። ወደ ቤቴ ሄድኩ። ከዚያ ወዲያ ስለ አበባው አንድም ቃል አላነሳሁም። በግድግዳው በኩል ግን እሰማ ነበር፤ መኪናዋ ትጀምርና ትቆማለች፣ ትጀምርና ትቆማለች።

አንድ ቅዳሜ ጎሕ ሲቀድ በራችን ተንኳኳ። እትዬ አስካለ የሩቅ መንገድ ጫማቸውን አድርገው ቆመዋል። ጀርባቸው ላይ፣ ልጅ እንደሚታዘል፣ ሁለቱ ራሶች ዳግም የተተከሉበት ቆርቆሮ በጋቢ ታዝሏል።

“ተነሺ እንሂድ” አሉኝ። “እሱን ራሱን ብርድ አገር ልኬው የለ? ለእሱ የደፈርኩትን ለሽንኩርት እፈራለሁ እንዴ!”

የዚያን ቀን መንገድ እስከ ዛሬ አልረሳውም። ባሕር ዛፉ ውስጥ ጤዛው ይንጠባጠባል፤ የረገጥነው ቅጠል ሁሉ ይሸታል። እንጨት ተሸካሚዎቹ ሴቶች ቁልቁል በሩጫ ይወርዳሉ፤ እኛ ሽቅብ እንተነፍሳለን። አባቴ ኪሴን የሞላልኝን ቆሎ በየመታጠፊያው እየተቀመጥን ቆረጠምን። እትዬ አስካለ በተቀመጥን ቁጥር ጀርባቸውን ዳበስ ያደርጋሉ። ዛፉ ሳሳ ሲል የታጨደ የገብስ ማሳ ታየን፤ ፀሐይ ወጥታ እንኳ ነፋሱ ጆሮ ይቆርጣል። ከኋላችን ከተማው በጭስ ተሸፍኖ ተኝቷል። የቀበሌያችን ድምፅ ማጉያ ለስብሰባ ሲጠራ እዚያ ድረስ ይሰማል፤ ቃሉ ግን አይለይም።

ጫልቱ የድንጋይ አጥሯ ላይ ተደግፋ አየችን።

“ማል ኩኒ? ምንድነው ይሄ? እናንተ ደግሞ ወደኛ ሽቅብ! ቤታችሁ እሳት ጠፋ?”

“እሳት ሳይሆን ብርድ ፈልገን ነው” አልኳት።

ነገሩን ስንነግራት ሆዷን ይዛ ሳቀች። “ብርድማ ሞልቶ! ውሰዱ፤ በሸክም ውሰዱ! እንጨቱን እንጂ ብርዱን አላስከፍልም።” ከቤቷ ጀርባ፣ ፀሐይ በማያገኘው የድንጋይ ግድግዳ ሥር፣ ለቆርቆሮው ቦታ አበጀችለት። እትዬ አስካለ አጎንብሰው ጋቢውን ሊያለብሱት ሲሉ እጃቸውን ያዝኩ።

“ያለ ጋቢ ነው እትዬ።”

ከዚያ ጋቢውን አጣጥፈው፣ ነጠላ ቀሚስ ብቻ ለለበሰችው ለጫልቱ ትከሻዋ ላይ ጣል አደረጉላት።

“እንግዲያ አንቺ ልበሽው።”

“ለሽንኩርት የመጣው ለኔ ሆነ!” አለች ጫልቱ።

ከዚያ ወዲያ እንጦጦ በወጣሁ ቁጥር የምፈልገው ያው ቆርቆሮ ይሁን እንጂ ዓይኔ ሌላም ብዙ ነገር አየ። ማልዶ የደረሰ ሰው ሣሩ ከእግሩ ሥር ሲንኮሻኮሽ ይሰማል። አፈሩ መርፌ በሚያካክሉ የበረዶ ዘንጎች ብድግ ብሎ ይገኛል፤ በጣቴ ስነካቸው ሙዚቃ የመሰለ ትንሽ ድምፅ አውጥተው ይሰበራሉ። የቆርቆሮው ከንፈር ላይ ነጭ ዱቄት ይቀመጣል። ጎንበስ ብዬ አያለሁ፤ አፈር ብቻ ነው። ጫልቱ ከኋላዬ “ዛሬም አልተናገረም” ትለኛለች። ስመለስ እትዬ አስካለ ደጃፍ ላይ ናቸው፤ “በርዶታል?” ይላሉ። “በጣም” ስላቸው ተደስተው ይሁን አዝነው አይለይም።

ገና ካለፈ በኋላ አንድ ቀን ጫልቱ እንጨቷን አዝላ፣ ቆርቆሮውን በእጇ አንጠልጥላ መጣች። “እንኩ ልጃችሁን፣ ፊቱን አውጥቷል” አለች። ከአፈሩ ላይ የአውራ ጣት ራስ የሚያህል አረንጓዴ ነገር ወጥቷል፤ በመሐሉ በቆሎ እንደሚታቀፍ የታቀፈ፣ ፍሬ ፍሬ የመሰለ እምቡጥ ይታያል። ሁለተኛው ራስ ቅጠል ብቻ ነበረው። እትዬ አስካለ ቆርቆሮውን መስኮት ላይ አኖሩት፤ እየሞቀው ሲሄድ አንገቱ ወጣ፣ ዘለግ አለ። ለጥምቀት ዋዜማ አበበ።

ቀለሙን ስፈልግለት ኖሬያለሁ፤ ከሰማይ የጠቆረ፣ ከወይን ጠጅ የፈዘዘ ብል ይቀርበዋል። ግን ማን ቀለሙን አይቶ! ጠረኑ በግድግዳው በኩል አልፎ የአባቴን ኮት አሸነፈ። ሰፈሩ ሁሉ ለማሽተት መጣ። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ቅመም ያሸተተበትን አፍንጫውን አስጠግቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ቆየና “ይሄ በመስፈሪያ አይሸጥም” አለ። ነገር የማታሳልፍ አንዲት ጎረቤት ግን ጠየቀች።

“ታዲያ አስካለ፣ መላኩስ መቼ ነው?”

እኔ መሬት መሬት አየሁ። እትዬ አስካለ የሚሰፉትን ቀሚስ አገላበጡ፣ ስፌቱን ፈተሹ።

“የትኛው ሲያብብ እንደሆነ አልነገረኝም እኮ” አሉ።

ሁሉም ሳቁ፤ እሳቸውም ሳቁ። ሰው ሲበተን አበባውን በጣታቸው ቀና አድርገው “የዘንድሮው አይደለም ማለት ነው” አሉኝ። እየቀለዱ አልነበረም።

በዚህ ዓይነት ቀጠለ። አበባው ሲረግፍ ቅጠሉ እስኪደርቅ ይጠበቃል፤ ራሶቹ ክረምቱን መደርደሪያው ላይ ይተኛሉ፤ ኅዳር ሲመጣ ያለ ጋቢ እንጦጦ ይወጣሉ። አንዳንድ ዓመት ያብባል፣ አንዳንድ ዓመት እምቡጡ ብቻ ወጥቶ ይቀራል፤ ዓመት በዓመት ያንስ ነበር። እትዬ አስካለም ሲያብብ “የዘንድሮው አይደለም”፣ ሳያብብ “ገና ነው” ይላሉ። ለሁለቱም መልስ አበጁ። እኔ ግን እየተማርኩ ስሄድ የተክሉ ነገር ግልጽ እየሆነልኝ፣ የእሳቸው ነገር እየረቀቀብኝ ሄደ።

መላኩ የመጣው ሳይታሰብ፣ የሰኔ ዝናብ እየዘነበ ነው። ወፍሯል፤ መነጽር አድርጓል፤ አማርኛውን እያሰበ ይናገራል። እትዬ አስካለ ፊቱን በሁለት እጃቸው ይዘው አገላብጠው አዩት። ሊጠይቅ የመጣው ሰው ሲቀንስ እኔ ማድ ቤት ገብቼ ዕቃ ማጠብ ያዝኩ። እሱም እናቱን ተከትሎ ገባና የልጅነት ቤቱን ዞሮ አየ። ዓይኑ መደርደሪያው ላይ አረፈ። ጨርቁን ፈታ አድርጎ ራሶቹን አየ።

“እማዬ፣ ሽንኩርቱን ለምን እዚህ አስቀመጥሽው? በስብሷል እኮ።”

እንግዲህ እኔ ነኝ፤ ያንጊዜም ቢሆን መልስ የማውቅ ተማሪ። ዞሬ አፌን ከፈትኩ። ከቡልጋሪያ በጋዜጣ ጠቅልሎ ያመጣው ራሱ እንደሆነ፣ በዚያች በር ላይ ቆሞ ምን እንዳለ፣ ስንት ኅዳር እንጦጦ እንደተወጣ ልነግረው ነበር። እትዬ አስካለ ከጀርባው ሆነው አዩኝ። ራሳቸውን በትንሹ ነቀነቁ።

“ለዘር ነው ልጄ” አሉት። ጨርቁን ከእጁ ተቀብለው መልሰው ቋጠሩት። “ና፣ እንጀራ እንስጥህ።”

በዚያ ኅዳር ጫልቱ እንጨቷን አውርዳ “ልጃችን ዘንድሮ ብርድ አይወጣም?” አለች።

“አይወጣም ጫልቱ” አሏት እትዬ አስካለ። “ትልቁ ገብቷል።” ራሶቹ መደርደሪያው ላይ ቆይተው ቆይተው ነፋስ የሚወስዳቸው ልጣጭ ሆኑ።

ታክሲው ውስጥ ያቺ ወጣት ካራን ካለፍን በኋላ “እማማ፣ ሲረግፍ ልጣለው?” አለችኝ። አትጣዪው፣ ቅጠሉ እስኪደርቅ ተይው፣ ከዚያ አውጥተሽ ደረቅ ቦታ አስቀምጪው አልኳት። “ኅዳር ላይ ደግሞ… እንጦጦ ዘመድ አለሽ?” ስላት “ኧረ ፍሪጅ አለን እማማ!” ብላ ሳቀች። ለማን እንደምትወስደው ልጠይቃት ፈለግኩ፤ ጥያቄዬን ዋጥኩት። መውረጃዋ ሲደርስ ማሰሮውን ደረቷ ላይ ታቅፋ ወረደች፤ ጠረኑ ግን እስከ መጨረሻው ፌርማታ ከእኔ ጋር ቀረ።

አበባው ለምን ብርድ እንደሚፈልግ ዛሬ በደንብ ማስረዳት እችላለሁ። እትዬ አስካለ ሲያብብም ሳያብብም የሚጠብቁበትን ጉልበት ከየት እንዳመጡ ግን በዚህ ዕድሜዬም አላውቅም። የማውቀው ያ መጠበቅ ያበቃበትን፣ መላኩ የመጣበትን ቀን ብቻ ነው፤ ሰኔ 12 ቀን 1979 ዓ.ም.።